እስክሪብቶዬ ጋሼ ኪስ የገባ ቀን

ባለፈው ወር የጎረቤታችን ልጅ ለእረፍት መጥታ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነች፣ አንድ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ። እናቷ ቡና ጠርተውን ተቀምጠን «ትምህርት እንዴት ነው?» አልኳት። ጥሩ ነው አለችኝ። «ላብስ፣ የላብራቶሪው ሥራስ?» ስላት ፊቷ በራ። «ግሩፓችንን የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ። ሪፖርቱን በሙሉ የምጽፈው እኔ ነኝ።»

እናቷ በኩራት ፈገግ አሉ። እኔም «ጎበዝ» አልኩና ስኒዬን አነሳሁ። ግን የቡናው ጣዕም ጠፋብኝ። ማታ ቤቴ ገብቼም፣ በማግስቱ ሥራ ላይ ሆኜም ያቺ ንግግር አልለቀቀችኝም። «ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ።» ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፣ እኔም ይህንኑ፣ በዚሁ ድምፅና በዚሁ ኩራት እናገር ነበር። ያን ጊዜ «መሣሪያውን የሚነካውስ ማነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ቆይቶ ነው የመጣው። እኔ ደግሞ እሷን ሳልጠይቃት ቡናዬን ጠጥቼ ተነሳሁ። ይህን የምጽፈው ስላልጠየቅኳት ነው።

ግድቡ እና የእናቴ ምጣድ

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ 12ኛ ክፍል ነበርኩ። ያን ሰሞን ታክሲ ውስጥም፣ ክፍል ውስጥም ወሬው ሜጋ ዋት ነበር። ሜጋ ዋት ምን እንደሆነ በደንብ የማናውቅ ልጆች ቁጥሩን በቃላችን እንይዝ ነበር። ያኔ ሰባ ሠላሳ የሚባለው ፖሊሲም ሥራ ላይ ነበር፤ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይገባ ነበር። በ2004 ስንገባ ክፍሎቹ ሞልተው ነበር። ዲፓርትመንት ምርጫ ሲደርስ ደግሞ ኤሌክትሪካል ጥሩ ውጤት ያለው ሁሉ የሚሻማበት ሆነ። እኔም ተሻማሁ፣ ደረሰኝ።

ለእናቴ ስደውልላት ስለ ግድቡም ስለ ምርጫውም አልጠየቀችኝም። «መብራት ነው የምትማሪው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እሰይ! እንግዲህ ምጣዴን ታዪልኛለሽ።»

ሳቅኩ። ምጣድ ለማየት አምስት ዓመት አይፈጅም ብዬ ነበር በልቤ። አሁን ሳስበው ከጠየቁኝ ጥያቄ ሁሉ ከባዱ እሱ ነበር።

ስምንት ሰው በአንድ ጠረጴዛ

ላብ እንዲህ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ ስምንት ተማሪ። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ስድስት ኦሲሎስኮፖች (ቮልትን በስክሪን ላይ እንደ ማዕበል የሚያሳዩ መሣሪያዎች) የሚሠሩት ሦስት ናቸው። ብሬድቦርዱ፣ ሰርኪት የምንሰካበት ሰሌዳ፣ ቀዳዳዎቹ ላልተው ሽቦ አይዝም። ሁለት ሰዓት ተሰጥቶናል፣ ከእሱ ውስጥ ግማሹ ወረፋ ነው። በዚህ መሃል ቤታቸው ሬዲዮ ሲፈታቱ ያደጉ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ እጃቸው ፈጣን ነው። እነሱ ይሰካሉ፣ እነሱ ያነባሉ። ሌሎቻችን ትከሻ ለትከሻ ቆመን እናያለን።

የመጀመሪያው ቀን ከልጆቹ አንዱ «አንቺ ጽሑፍሽ ያምራል» አለኝ። በቅንነት ነው ያለው፣ እውነትም ጽሑፌ ያምራል። ደብተሩን ተቀበልኩ። በቃ። ያቺ አንድ ቃል የሁለት ዓመት ቦታዬን ወሰነች። እነሱ «ሁለት ነጥብ ሦስት ቮልት» ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ማታ ዶርም ገብቼ ሠንጠረዡን አስተካክላለሁ፣ ግራፉን እስላለሁ፣ ስሌቱንና ልዩነቱን በፐርሰንት አወጣለሁ። ሪፖርታችን ከ20 ላይ 18 ሳያገኝ የቀረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ግሬድ ሲወጣም ኤ ነበርኩ።

ሴት ስለሆንኩ ነው እንዴ? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንስቼ ጥዬዋለሁ። የሚጽፉ ወንዶችም ነበሩ። ነገር ግን አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ክፍል ሳስታውሰው፣ በየጠረጴዛው ደብተር የያዘችውን ሳይ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ነች። ማንም ተማክሮ አላደረገውም። መሣሪያ ሲያንስና ሰዓት ሲያጥር ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚያውቀውን ይይዛል፤ ወንድሞቻችን ልጅ ሆነው ፊውዝ እንዲቀይሩ ሲጠሩ እኛ የተጠራነው ወደ ሌላ ክፍል ነበር። ያ ልዩነት ላብ ውስጥ ይበልጥ ሰፋ። የሚያውቅ ይበልጥ አወቀ፣ የሚጽፍ ይበልጥ አሳምሮ ጻፈ።

ደግሞም ተመችቶኝ ነበር፣ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። መሣሪያ ካልነካሽ አታበላሺም። ካልሰካሽ አትሳሳቺም። ሪፖርት ላይ ግን ስምሽ መጀመሪያ ላይ ይጻፋል።

«አሁን አንቺ ለኪ»

የላብ ቴክኒሺያናችንን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጋዎናቸው ኪሱ ላይ የቀለም ነጠብጣብ ያለበት፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። መምህሩ ገለጻ ሰጥቶ ሲወጣ እሳቸው ናቸው ከእኛ ጋር የሚቀሩት።

ሦስተኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ሴሚስተር፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት። ሥራው ቀላል ነው፤ 1 ኪሎ ኦም ሪዚስተር (ከረንት የሚገታ)፣ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚይዝ)፣ በ1 ኪሎ ኸርዝ 5 ቮልት አስገብቶ ካፓሲተሩ ላይ የሚወጣውን መለካት። ስሌቱን ማታ ሠርቼው መጥቻለሁ፤ 4.2 ቮልት ገደማ መምጣት አለበት። ደብተሬን ከፍቼ ሠንጠረዥ እያሰመርኩ ሳለ ጋሼ ጠረጴዛችን አጠገብ መጥተው ቆሙ። ትንሽ አዩንና እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«እስቲ እስክሪብቶሽን።»

ሊጽፉበት መስሎኝ ሰጠኋቸው። የጋዎናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። «አሁን አንቺ ለኪ» አሉኝ።

ልጆቹ ፕሮቡን፣ ከኦሲሎስኮፑ ወደ ሰርኪቱ የሚሄደውን የመለኪያ ገመድ፣ አቀበሉኝ። እጄ ላብ አወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከክንዴ ርቀት ላይ ያየሁት ነገር ነው፣ ስሞቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፣ ፈተና ላይ ክፍሎቹን ስዬ ሰይሜያቸዋለሁ። ሰካሁት። ማዕበሉ መጣ፤ ግን አይቆምም። ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል። ሃንድአውቱ ላይ ያለው ማዕበል ሁሌም የቆመ ነው፣ እኔ የማውቀው ማዕበል የተሳለ ነው። የሚሮጥ ማዕበል ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። አንዱ ልጅ ሊያስተካክልልኝ እጁን ሰደድ ሲያደርግ ጋሼ በዓይናቸው ከለከሉት።

አንዱን ቁልፍ አዞርኩ፣ ማዕበሉ ወፈረ። ሌላውን አዞርኩ፣ ጠፋ። መለስኩት። ከኋላዬ «ካፌ ሊዘጋ ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጆሮዬ ጋለ። በመጨረሻ ትሪገር የሚለውን ቀስ አድርጌ ሳዞር ማዕበሉ ተንቀጠቀጠና ቀጥ አለ። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት የትኛውም ግሬድ ሰጥቶኝ አያውቅም። ግን ገና ነበር። ከፍታውን ሳነብ 0.42 ቮልት።

4.2 ነበር መምጣት ያለበት። ደነገጥኩ። ስሌቴን ነው የጠረጠርኩት። በልቤ ደግሜ ሠራሁት፣ ሦስቴ። እስክሪብቶ ስለሌለኝ በጣቴ ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩ። 4.2 ነው። መሣሪያው 0.42 ይላል። ጋሼ ላይ ቀና አልኩ።

«ስሌትሽ ልክ ነው» አሉኝ። «ዓይንሽ ያየውም ልክ ነው። እንግዲህ መሃል ላይ ያለውን ፈልጊ።»

መሃል ላይ ያለው? ከሰርኪቱ እስከ ስክሪኑ መሃል ላይ ያለው ፕሮቡ ብቻ ነው። አንስቼ አገላበጥኩት። እጀታው ላይ ትንሽዬ ተንሸራታች ቁልፍ አለች፤ የሚገባውን በ10 የምታካፍልበት ቦታ ላይ ተደርጋለች። ኦሲሎስኮፑ ግን እንዳልተካፈለ ቆጥሮ ነው የሚያነበው። ቁልፏን ገፋኋት። ማዕበሉ ዘሎ ስክሪኑን ሞላ። 4.2።

ጋሼ እስክሪብቶዬን መልሰው ሰጡኝና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄዱ። ሌላ ምንም አላሉም። አርባ ደቂቃ ወስዶብኛል፤ ልጆቹ በአምስት ደቂቃ ይጨርሱት ነበር። እራት አመለጠን፣ ማንም ግን አልተቆጣኝም።

ያን ማታ ኤ ያገኘሁባቸውን የላብ ሪፖርቶች አውጥቼ አየኋቸው። ቁጥሮቹ የእኔ አይደሉም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይኸው ነው። አለቀስኩ፣ ትንሽ። ከዚያ ተኛሁ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ለግሩፑ በተራ እንሁን አልኳቸው፤ ያ በእጁ ፈጣን የነበረው ልጅ ደብተሩን ተቀብሎኝ ሪፖርት መጻፍ ሲጀምር ምን ያህል እንደተቸገረ ያየሁት ያኔ ነው። ለካ እሱም የጎደለው ነበር።

ሌሊት አሥር ሰዓት

በዚያው ክረምት ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት መርካቶ ወርጄ፣ ከኪስ ገንዘቤ ባጠራቀምኩት፣ ቮልትና ኦም የሚለካ ቢጫ መልቲሜትር ገዛሁ። አዲስ ዕቃ ነበር፣ የእኔ የብቻዬ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ስትጋግር አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንጀራው ዓይን አላወጣም። እሷ እንደለመደችው ሊጡን ትወቅሳለች። እርሾው ነው፣ አብሲቱ ቀጥኖ ነው፣ ዘንድሮ የመጣው ጤፍ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው ነው። ምጣዱን ነቅዬ ሽቦውን ለካሁት፣ 13.8 ኦም። በ220 ቮልት ቢሰላ 3500 ዋት ይሆናል፤ ጤነኛ ምጣድ ነው። ከዚያ ብሬከሩ ጋ ያለውን ቮልት ለካሁ፣ ምጣዱ ሳይበራ 214። ምጣዱን አብርታ እሱ ጋ ስለካ 176።

38 ቮልት የት ሄደ?

ቮልት በአምስት እጅ አንዱ ሲቀንስ ሙቀቱ በአምስት እጅ አንዱ ብቻ አይቀንስም፤ ሙቀት ከቮልቱ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። 3500 መሆን የነበረበት 2250 እንኳ አይሞላም። ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ጠፍቷል። ሊጡ ምንም አላደረገም። እርሾውም፣ ጤፉም፣ የእናቴ እጅም።

ይህንን ስነግራት ማሰሻዋን ይዛ ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ «እና ለምን ይመስልሻል ሌሊት የምጋግረው?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እናቴ እኔ ነፍስ ካወቅሁበት ጊዜ ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ የምትጋግረው ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ነው። በእንቅልፍ ልቤ የሊጡን ማንቆርቆሪያ ድምፅ፣ የአክንባሎውን መነሳት እሰማ ነበር። የእናት ልማድ መስሎኝ ነው ያደግኩት። «ሌሊት ምጣዱ ይበረታል» ትል ነበር፣ እኔም ሰምቼ አልፈዋለሁ። ሰፈሩ ሲተኛ በመስመሩ ላይ ያለው ጭነት ይቀንሳል፣ ቮልቱ ከፍ ይላል። ክፍል ውስጥ የቀኑ ጭነት ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳየውን ግራፍ ስናጠና፣ እኔ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። እናቴ መሣሪያ ሳይኖራት፣ በእንጀራ ዓይን ለክታ፣ ያንን ግራፍ አውቃው ኖሯል። እንቅልፏን ከፍላበት።

በማግስቱ ሌሊት አብሬያት ተነሳሁ። ለካሁ፣ ብሬከሩ ጋ 228፣ ምጣዱ ጋ 187። እንጀራዋ ዓይኑ ግጥም ብሎ ወጣ።

ከዚያ የጋሼ ንግግር መጣልኝ። መሃል ላይ ያለውን ፈልጊ። ቴቨኒን የሚባለው ፈረንሳዊ የቴሌግራፍ መሐንዲስ በ1883 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ አለ፤ የፈለገው የተወሳሰበ መረብ ቢሆን ከውጭ ሲታይ አንድ ምንጭና ከፊቱ ያለች አንዲት ሪዚስተር ናት ይላል። ፈተና ላይ ያችን ሪዚስተር ስንት ጊዜ ፈልጌ አግኝቻታለሁ። እናቴ ቤትም አለች፤ ስሌቱ 3 ኦም ገደማ ይላታል። ግን አንዲት አይደለችም፤ ከትራንስፎርመሩ ጀምሮ በየምሰሶው፣ በየገመዱ፣ በየማያያዣው የተበተነች ናት። የሰፈሩ መስመር ረጅም ነው፣ እሱን እኔ ላሳጥረው አልችልም። ግድግዳችን ውስጥ ያለውን ግን እችላለሁ።

ምጣዱ እየበራ ብሬከሩ ጋ ለካሁ፣ 190። ምጣዱ ጋ 176። ከብሬከሩ እስከ ምጣዱ አምስት እርምጃ እንኳ በማይሞላ ገመድ ላይ 14 ቮልት! መሃል ላይ ያለው የምጣዱ ሶኬት ነው። እጄን አስጠጋሁ፣ ይፋጃል። ከ170 ዋት በላይ እዚያ እየነደደ ነበር፣ ግድግዳው ላይ፣ እናቴ አጠገብ። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ መብራት አለመኖሩን በመልቲሜትሩ አረጋግጬ ከፈትኩት። ብሎኑ ላልቷል፣ የገመዱ ጫፍ ከሰል መስሏል፣ ፕላስቲኩ ቀልጧል። እሳት አለመነሳቱ የእግዜር ቸርነት ነው። የጠቆረውን ቆርጬ፣ አዲስ ጫፍ አውጥቼ፣ አዲስ ሶኬት ገጠምኩ። ብሎኑን ሳጠብቅ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር፣ ምጣዱ ጋ 188 ቮልት። የድሮው ሌሊት በቀን መጣ ማለት ነው። እናቴ የመጀመሪያውን እንጀራ አውጥታ ሰፌዱ ላይ ዘረጋችውና ለረጅም ጊዜ አየችው። «አንድ ሶኬት ነው?» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ሶኬት ነው፣ እማዬ።» ሌላ አልተናገርንም። እሷ ግን እስከ ዛሬ 10 ሰዓት ላይ ትነቃለች። አሁን ለጸሎት ነው።

መሃል ላይ ያለው

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ ቢሮ ውስጥ ቆመን አየን። 13 ተርባይን፣ 5150 ሜጋ ዋት። ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ እኔ በምጣድ ቆጠርኩት፤ መንገድ ላይ የሚባክነውን ትተን ወደ 1 ሚሊዮን 470 ሺህ ምጣድ በአንድ ጊዜ ያበራል። ዕንባዬ መጣ። የ12ኛ ክፍል ልጅ ሆኜ በወሬ የሰማሁት ሜጋ ዋት ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ከግድቡ እስከ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ኪሎ ቮልት ነው፤ ቮልቱ ከፍ ያለው ከረንቱ እንዲያንስና መንገድ ላይ የሚባክነው እንዲቀንስ ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ደረጃ በደረጃ እየወረደ፣ ትራንስፎርመር በትራንስፎርመር፣ እስከ አንዲት የላላች ብሎን ድረስ ይመጣል። ያቺን ብሎን የሚያገኛት ሰው ያስፈልጋል። አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት እኛን ይመስለኛል፤ እኛ ግን ጥምጥሙንም፣ የምርቃት ጋዎኑንም ቶሎ ነው ያገኘነው።

ጥፋቱን ተማሪው ላይ ብቻ መጫን አልችልም። ስምንት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከቆመ አንዱ ብቻ ነው የሚነካው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ መውጫ ፈተና አለ፤ ጥያቄዎቹ ምርጫ ናቸው፣ 50 ከመቶ ማለፊያ ነው። ልጆቹ ቀን ከሌት ይቸክላሉ፣ መቸከላቸውም ግድ ነው። ምርጫ ጥያቄ ግን የሚሮጥ ማዕበል አያሳይም፣ የፋጀ ሶኬትም አያስነካም። ቢያንስ ያሉት ስምንት ሰዎች ይፈራረቁ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም። አንድ ጋሼ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ እስክሪብቶ የሚቀበል።

ባለፈው እሁድ እነጎረቤት ቤት ተመለስኩ። ልጅቷ ወደ ግቢ ልትመለስ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበር። ቢጫውን መልቲሜትር ይዤላት ሄድኩ። ፕላስቲኩ ተፍቋል፣ ባትሪውን ቀይሬዋለሁ። የጋሼን ነገር ነገርኳት፣ የእናቴንም። ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ላይ ያለውን አላወቅሁትም፤ ተቀይማኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። አመስግና ሻንጣዋ ውስጥ ከልብሷ መሃል ሸጎጠችው።

ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ ደወለች። ከጀርባዋ የላብ ጫጫታ ይሰማል፣ ሰው «ቶሎ በይ» ይላታል። ሰላምታም አላለችኝ።

«ስሚማ፣ 3 ቮልት መምጣት ነበረበት፣ 0.3 ይለኛል። ስሌቴን ሁለቴ አየሁት፣ ልክ ነው። ምን ላድርግ?»

«መሃል ላይ ያለውን ፈልጊ» አልኳት፣ ስልኩንም ሳልዘጋ ጠበቅኳት።